ስለ ሕይወት ሞለኪውሎች ስንማር የሚደጋገሙ ስህተቶች

ካርቦሃይድሬት፣ ሊፒድ፣ ፕሮቲን፣ ኒውክሊክ አሲድ። አራቱን በቃሉ የማይወጣ የባዮሎጂ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ የሚመጣው ከስሙ በኋላ ነው። የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው፦ ሞለኪውሉ ከምን እንደተሠራ ይሸመደዳል፣ እንዴት እንደተያያዘ ግን ልብ አይባልም። የካርቦን ትልቁ ችሎታ ደግሞ መያያዙ ነው። አንዱ አቶም አራት ቦንድ (ትስስር) ይፈጥራል፤ ከመሰሎቹም ጋር ሰንሰለት፣ ቅርንጫፍና ቀለበት ይሠራል።

«ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም ግሉኮስ ስለሆኑ ያው ናቸው።» ያው አይደሉም። ጤፉን ጋግረን እንበላለን፣ ጭዱን ለከብት እንሰጣለን፤ ልዩነቱን ያመጣው ቦንዱ ነው። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ በአልፋ ቦንድ ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል። በሴሉሎስ ውስጥ ቦንዱ ቤታ ነው፤ እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎኑ ካለው ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው በሃይድሮጅን ቦንድ ይያያዛሉ፤ ለጭዱ ጥንካሬ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌስ የተባለ ኢንዛይም የአልፋውን ቦንድ ይቆርጣል፣ የቤታውን አይነካም። ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ጥቂት ደቂቃ አላምጡ፤ እየጣፈጠ ይመጣል። ስታርቹ ማልቶስ ወደተባለ ስኳር እየተቆረጠ ነው።

እዚሁ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል፦ «ላም ሴሉሎስን የሚፈጭ ኢንዛይም አላት» ተብሎ ይጻፋል። ሴሉሌስ የተባለውን ኢንዛይም የሚሠሩት ሩመን በሚባለው የጨጓራዋ ክፍል የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ላሟ የምትጠቀመው እነሱ ከሚያተርፉላት ነው።

«አራቱም ፖሊመር ናቸው» የሚለው በአጭሩ የሚታረም ነው። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ክፍሎች እየተደጋገሙ የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሊፒድ ፖሊመር አይደለም። ቅቤም ሆነ ዘይት በአብዛኛው አንድ ግሊሰሮል ሦስት ፋቲ አሲድ ይዞ ነው፤ እዚያው ያበቃል፣ ሰንሰለቱ አይቀጥልም።

ከሊፒድ ጋር የተያያዘውና ከክፍል አልፎ ወጥ ቤት የሚገባው ስህተት ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ጀሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ ሲታይ ዘይቱ ለልብ ተስማሚ ነው ተብሎ ይታመናል። ኮሌስትሮል በዋናነት የእንስሳት ሞለኪውል ነው፤ በዕፅዋት ውስጥ ያለው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ጽሑፉ ለማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ይሠራል። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ኮሌስትሮል የለውም፤ ነገር ግን ከፋቲ አሲዱ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ (ድርብ ቦንድ የሌለው) ነው፣ ሳቹሬትድ ቅባት ሲበዛ ደግሞ ጉበት ከደም የሚያነሣው መጥፎው ኮሌስትሮል ይቀንሳልና በደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። የሚረጋበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፦ ድርብ ቦንድ የሌላቸው ሰንሰለቶች ቀጥ ስለሚሉ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። በኑግ ዘይት ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሰንሰለቶች ድርብ ቦንዱ ጋ ስለሚጎብጡ መጠጋጋት ያቅታቸዋል፤ ዘይቱም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል።

«እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኑ ይጠፋል።» አይጠፋም። የተጠቀለለ ክር ቢተረተር ክሩ አይበጠስም፤ ሙቀትም እንዲሁ የፕሮቲኑን ቅርጽ ያፈርሳል እንጂ አሚኖ አሲዶቹን ያያያዘውን የፔፕታይድ ቦንድ አይቆርጥም። የተተረተሩት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ሲያያዙ ነጩ ይጠነክራል። ሰውነታችን የተቀቀለውን እንቁላል ከጥሬው በተሻለ ይፈጨዋል። ኢንዛይም ከሆነ ግን ሥራው በቅርጹ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሲቀቀል ከሥራ ውጭ ይሆናል።

«በጾም ፕሮቲን አይገኝም» የሚለውም መታረም አለበት። ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ሰውነት ራሱ የማይሠራቸው 9 ናቸው። ጤፍ እንደ ሌሎቹ እህሎች ላይሲን ያንሰዋል፤ ሽምብራና ባቄላ ላይሲን አላቸው፣ የሚያንሳቸው ሜታየኒን ነው። ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

«ዲኤንኤ የፕሮቲን ዓይነት ነው» ብሎ የሚጽፍም አይታጣም። ዲኤንኤ ከኒውክሊዮታይድ የተሠራ ነው፤ ፎስፈረስ አለው፣ ድኝ የለውም። ፕሮቲን ውስጥ ደግሞ ድኝ የያዙ አሚኖ አሲዶች አሉ። ተመራማሪዎቹ አልፍሬድ ኸርሺና ማርታ ቼዝ በ1952 እ.ኤ.አ. የተጠቀሙት ይህንኑ ልዩነት ነው። ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ ወስደው በአንዱ ዙር ዲኤንኤውን በራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ፣ በሌላው ፕሮቲኑን በራዲዮአክቲቭ ድኝ ምልክት አደረጉበት። ወደ ባክቴሪያው በብዛት የገባው ፎስፈረሱ፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ ሆኖ ተገኘ፤ ድኙ፣ ማለትም ፕሮቲኑ፣ ባብዛኛው ውጭ ቀረ።

የቤተ ሙከራው ስህተት ይቀራል። ተማሪዎች ለሻይ የምንጠቀምበትን ስኳር በውኃ አሟምተው ቤኔዲክት (ስኳር ለመፈተሽ የሚያገለግል ሰማያዊ ፈሳሽ) ጨምረው ያሞቁታል፤ ሰማያዊው አይለወጥም። «ስኳር የለም» ተብሎ ይመዘገባል። የሻይ ስኳር ሱክሮስ ነው፤ ከቤኔዲክት ጋር የሚሠሩት የግሉኮሱና የፍሩክቶሱ ካርቦኖች እርስ በርስ በተያያዙበት ቦንድ ተይዘዋል። ስለዚህ አዲስ ናሙና ወስዳችሁ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አፍሉት። ቦንዱ ይቆረጣል። ሲቀዘቅዝ አረፋው እስኪቆም ድረስ ሶዲየም ባይካርቦኔት ጨምሩ፤ ይህ ከተዘለለ አሲዱ ሙከራውን ያበላሸዋል። ከዚያ ቤኔዲክቱን ጨምራችሁ አሙቁት፤ የጡብ ቀለም ያለው ዝቃጭ ይወርዳል።