ትረስቱ አለ፣ ቤቱ ግን የለበትም

በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ከአሜሪካ በመጡ ዘመዶች ትሞላለች። ከፋሲል መዋኛ መልስ ቡናው ሲፈላ ወሬው ወደ ንብረት ይዞራል። አክስቴ "ሊቪንግ ትረስት አሠርቻለሁ፣ ልጆቼ ፍርድ ቤት አይንከራተቱም" አሉ። ሊቪንግ ትረስት ማለት ንብረትን በሕይወት እያሉ በባለአደራ ስም አድርጎ፣ ከሞት በኋላ ለወራሾች የሚያስተላልፍ የአደራ ሰነድ ነው። "ካሊፎርኒያ ያለው ቤት ታዲያ በማን ስም ነው?" አልኳቸው። "በእኔ ነዋ!"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ አባት ትረስት እያላቸው አረፉ፣ ልጆቹ ግን ውርሱን ለማጣራት ፍርድ ቤት ቆሙ።
ምክንያት፦ ቤቱ አሁንም በአባት ስም ነው። ትረስት ጎተራ በሉት፤ እህሉን ራሳችሁ ካላስገባችሁ ባዶውን ይቆማል። ከሰነዱ ጀርባ "ቤቴ፣ መኪናዬ" ብሎ መዘርዘር ዳኛ ያሳምን ይሆናል፣ ግን ያው ፍርድ ቤት መሄድ ነው።
መፍትሄ፦ አዲስ ዲድ፣ ማለትም የቤት ባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ፣ አጽፉ። ቤቱን ከስማችሁ አውጥታችሁ በትረስቱ ባለአደራ ስም አዙሩት፣ ብዙውን ጊዜ ባለአደራው ራሳችሁ ናችሁ፣ ከዚያ ኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርማችሁ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ዘንድ አስመዝግቡ። መሳቢያ ውስጥ አታስቀሩት! "ስሙን ሳዞር ባንኩ የቤቱን ብድር ባንዴ ክፈሉ ቢለኝስ?" የሚል ስጋት ሁሌም ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ተበዳሪው እዚያው እየኖረ የትረስቱ ተጠቃሚ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ፣ ባንኩን ይከለክለዋል።

የባንክ ሒሳብ ቀላል ነው፤ የትረስቱን ማረጋገጫ ይዛችሁ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ስሙን አስቀይሩ።

የጡረታ ሒሳብን ግን አትንኩት። በሕይወት እያላችሁ ወደ ትረስት ካዞራችሁት ገንዘቡ እንደወጣ ተቆጥሮ ግብር ይመጣባችኋል። የወራሽ ፎርሙን ብቻ አስተካክሉ፤ የቀድሞ ባል ስም እዚያው ተረስቶ የቀረበት ስንት አለ መሰላችሁ።

ምልክት፦ ትረስቱ ላይ "ጎንደር፣ አዘዞ ያለው ቤት" ተብሎ ተጽፏል፣ እዚህ ግን ካርታው ንቅንቅ አላለም።
ምክንያት፦ የጎንደር ቤት በኢትዮጵያ ሕግ ነው የሚተዳደረው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእናንተ ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው። የካሊፎርኒያ ወረቀት ካርታ አያዞርም።
መፍትሄ፦ ለዚህኛው ለብቻው ኑዛዜ አድርጉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሌላ ሰው ከጻፈላችሁ በእናንተና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም እዚያው ይጻፋል፣ ሁላችሁም ትፈርማላችሁ። "ተነበበ" የምትለው ቃል ቀርታ የፈረሰ ኑዛዜ ያሳዝናል። በቁም ስጦታ ልስጥ ካላችሁም ለቤት የሚጠየቀው ያው ፎርም ነው፣ ከዚያ የስም ዝውውር ይከተላል።

"ውክልና ሰጥቻለሁ፣ ይበቃል" የሚሉም አሉ። አይበቃም። ውክልና በመርህ ደረጃ ሰጪው ሲሞት ያበቃል።

ይህን ስል አክስቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ። የአዘዞውን ቤት ኪራይ በውክልና የምሰበስበው እኔ ነኝ።