ሌጎ ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ገጣጥሙት

ልጃችሁ (ወይ እናንተው፣ ምን ያሳፍራል) የራሱን የሌጎ ቤት መሥራት ካማረው መጀመሪያ ብሪክሊንክ ስቱዲዮ የሚባለውን የሌጎ መንደፊያ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ነፃ ነው። ዊንዶውስም ማክም ላይ ይሠራል። የሌጎ ኩባንያ ዲጂታል ዲዛይነር የሚባለውን የድሮ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲተው ሰውን የመራው ወደዚሁ ነው።

ደስ የሚለው፣ ቁራጭ አያልቅም። ቀዩ ጣሪያ ካላማራችሁ ወዲያው ሰማያዊ ታደርጉታላችሁ። ስትጨርሱ ደግሞ የሚያስፈልገውን ቁራጭ ዘርዝሮ ያወጣላችኋል።

ግን ስክሪን ላይ ክብደት የሚባል ነገር የለም። እኔ አንድ ረጅም ድልድይ ሠርቼ ኮርቼ ነበር። በእጄ ስገጥመው መሃሉ ላይ ለሁለት ተገነጠለ። መጋጠሚያዎቹን ሳላፈራርቅ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሬያቸው ነበራ! ስለዚህ ክብደት የሚሸከመውንና የሚንጠለጠለውን ክፍል ቤት ባለው ሌጎ ለብቻው ሞክሩት። ቀለሙ ባይመሳሰልም ግድ የለም።

ቀለም ካልን አይቀር፣ የመረጣችሁት ቁራጭ በዚያ ቀለም ጭራሽ ተመርቶ ላያውቅ ይችላል። ከማዘዛችሁ በፊት አጣሩ።

አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን ይሄን ሁሉ እርሱት። ዱፕሎ የሚባሉትን ትልልቅ የሌጎ ቁራጮች ምንጣፍ ላይ ዘርግፉለት።