ዛፉ ስሙ ማን ነው? ለልጆች የተፈጥሮ ጀብዱ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከዚራ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ ለሰፈር ልጆች ታሪክ አነባለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩላቸው ራሴ የጻፍኩትን ነበር፤ የሚናገር ዛፍ፣ የጠፋች ልጅ፣ አስማተኛ ዘር፣ ምን የሌለበት አለ! ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ዛፉ ስሙ ማን ነው?»

«ዛፍ ነዋ።»

«ዛፍማ ስም አይደለም።»

መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ የራሴንም ሆነ ወዳጆቼ «እስቲ እየው» ብለው የሚሰጡኝን ረቂቅ የማነበው በዚያች ልጅ ጆሮ ነው።

የስህተቶቹ ሁሉ እናት እንግዲህ ይህ ስም የሌለው ዛፍ ነው። ጸሐፊው «አንድ ግዙፍ ጥንታዊ ዛፍ» ይልና ያልፋል፤ ከዚያ የሚያበራ ቅጠልና የወርቅ ፍሬ ይለጥፍበታል። ዛፉን ቢያውቀው ኖሮ ለአስማት ሩቅ ባልሄደ ነበር። የሐረርጌ ገበሬ በማሽላው መካከል የሚያቆየውን ገርቢ የሚባለውን የግራር ወገን እንውሰድ። ሌላው ዛፍ ሲራቆት በበጋ ቅጠል ይለብሳል፤ ክረምት ገብቶ አገሩ ሲለመልም እርሱ ልብሱን ያወልቃል። ለበጋው ከብት ጥላና ፍሬ፣ ለክረምቱ ማሽላ ደግሞ ፀሐይ ይሰጣል ማለት ነው። ዓመቱን ገልብጦ የሚኖር ገጸ ባሕርይ ከዚህ ወዲያ የት ይገኛል?

ወይም ዋርካን ተመልከቱ። አበባውን ያየ ልጅ የለም፤ ምክንያቱም የሚያብበው ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ተርብ በጠባቧ ቀዳዳ ተጨናንቃ ትገባለች፤ ክንፏ መግቢያው ላይ ይቀራል። ከሌላ ዋርካ ይዛው የመጣችውን የአበባ ዱቄት ውስጥ ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ያድጉና ሴቶቹ ዱቄቱን ተሸክመው ሌላ ዋርካ ፍለጋ ይበርራሉ። በር፣ ጨለማ ቤት፣ መሥዋዕትነት፣ መንገድ፤ ጀብዱ የሚባለው ሁሉ በአንዲት ፍሬ ውስጥ ተሟልቷል። ይህን ያወቀ ጸሐፊ ዋናውን ገጸ ባሕርይ አሳንሶ ወደ ውስጥ ማስገባት ብቻ ይቀረዋል።

ሁለተኛው ስህተት የሰው አገር ጫካ ነው። ስለ እርሱ ብዙ አልልም። ጉም፣ በረዶ፣ በእንጉዳይ ውስጥ የሚኖሩ ድንክዬዎች... በቀትር ጥላ ፈልጎ የሚሯሯጥ የድሬዳዋ ልጅ በዚህ ሁሉ አይደነቅም፤ በቴሌቪዥን ጠግቦታል። እኛ ደቻቱ አለን። ከዓመት እስከ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ሆኖ፣ ሰውና ግመል በሆዱ ላይ ሲሄድበት የሚውል ወንዝ፤ ሲነቃ ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ ከላይ ከደጋው ወርዶ የተኛ ከተማ ላይ ደረሰ። ይህን ለሚጽፍ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት መካከል አያቱን ያጣ ልጅ ሊኖር ይችላል። ተኝቶ የሚነቃ ዘንዶ ብለን ደቻቱን መሳል እንችላለን፣ ዘንዶውን የሚያዘገዩት የተራራው ዛፎች ናቸው ማለትም እንችላለን። የሞቱትን ግን ለማስፈራሪያ አናውላቸው።

በሦስተኛው ስህተት እኔም በደለኛ ነኝ። በዚያው ታሪኬ ክፉው ሰው ከሰል አክሳይ ነበር፤ ፊቱ የጠቆረ፣ መጥረቢያው የሚጮህ፣ ልቡ ድንጋይ። አንብቤ ስጨርስ ልጆቹ አጨበጨቡ። አንዱ ብቻ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እናቱ መጋላ መንገድ ዳር ከሰል በጣሳ ትሸጣለች። በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም፤ ሁለት ቅዳሜ ቆይቶ ሲመጣም ከምንጣፉ ጫፍ ተቀመጠ። የእኔም ቡና የሚፈላው በከሰል ነው! ዛፍ የሚቆርጠውን ሰው ቀንድ አብቅለን ብናቀርበው ልጁ የሚማረው ዛፍን መውደድ አይደለም፤ በወላጁ ማፈር ነው። ቆራጩ ሰው ልጆች ይኑሩት፣ የቤት ኪራይ ይኑርበት፣ ምርጫው ይጥበበው። ታሪኩ ያኔ ይከብዳል፤ ይክበድ።

ከዚሁ ጋር የተጣበቀው ስህተት ዛፍን ሁሉ መልአክ ማድረግ ነው። ከድሬዳዋ ትንሽ ወጣ ስንል ሜዳውን የወረረውን ባለ እሾህ ዛፍ፣ ፕሮሶፒስን፣ ማን ያመጣው ይመስላችኋል? በጎ አሳቢ ሰዎች ናቸው። የትውልድ አገሩ ከባሕር ማዶ፣ አሜሪካ አህጉር ነው። አሸዋ እንዲይዝ፣ በረሃውን ጥላ እንዲያለብስ ተብሎ ገባ። ፍየልና ግመል ጣፋጭ ፍሬውን በሉ፤ ዘሩ ሆዳቸውን በደኅና አልፎ በፋንድያ ውስጥ በቀለ። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አሁን የአፋርን የግጦሽ መሬት እየዘጋ ነው። ክፋት የሌለበት ጠላት፣ ተጋብዞ መጥቶ አልወጣም ያለ እንግዳ! ታሪኬን እንደገና ስጽፍ እርሱን አስገባሁትና የከሰል ሻጯን ልጅ ጀግና አደረግሁት፤ እንግዳውን ዛፍ ለይቶ የሚያውቅ፣ ከሰል ከእርሱ እንዲከሰል አገር በቀሉ ግራርም እንዲተርፍ የሚመክር እርሱ ነው። ልጁ ከምንጣፉ ጫፍ ወደ መሃል መጣ። (በነገራችን ላይ፣ እንግዳ ሁሉ እንዲህ አይደለም። አበባው እንደ እሳት የሚነደው፣ እኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» የምንለው ራሱ የማዳጋስካር ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ባቡር ጣሪያ ላይ ተቀምጦ መጣ ብሎ መፈልሰፍ የጸሐፊው መብት ነው።)

ሌላው የችኮላ አስማት ነው። ልጅቱ ጠብታ ውሃ ታፈስሳለች፤ ሲነጋ ደን ሆኖ ይገኛል። ክረምት ላይ በትምህርት ቤት የተከለው ችግኝ ጥቅምት ላይ ደርቆ ያገኘ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ ወይም የእኔ ለምን ደረቀ ብሎ ያዝናል። አስማቱ ሥራውን የሚሰርዝ ሳይሆን ልጁን በዛፉ ጊዜ ውስጥ የሚያስገባ ቢሆን ይሻላል፤ አንዴ ዓይኑን ሲጨፍን አንድ ክረምት ይለፍ። የሐረማያን ሐይቅ ያየ ሰው ይህን አያጣውም። ለመስኖና ለከተሞች መጠጥ ሲቀዳ፣ ደለልም ሲሞላው ደረቀ፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ሆነ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ውሃው ተመለሰ። ያን ያህል የሚጠብቅ ገጸ ባሕርይ ስጡኝ።

ጅብን ሁልጊዜ ሞኝና ሆዳም አድርገን መጻፋችንም ለሐረር ልጅ አይሠራም። እርሱ ጅብ በእጅ ሲበላ እያየ ነው ያደገው፤ የጁገል ግንብ እንኳ ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተትቶለታል።

የመጨረሻው «ስለዚህ ልጆች...» የሚለው አንቀጽ ነው። ከሰባት ጊዜ በላይ ጽፌዋለሁ። ባለፈው አነባለሁ ስል ገጹን ቤት ረስቼው መጣሁና ታሪኩ እንግዳው ዛፍ ሜዳው ላይ ብቻውን እንደቆመ አለቀ። ልጆቹ ይነሣሉ ብዬ ምንጣፉን ልጠቀልል ስል ክርክር ተነሣ፤ ወደ አገሩ ይመለስ፣ አይ ይቅርታ ይጠይቅና ይኑር። ፀሐዩ ጥላችንን አልፎ እግራችን ላይ እስኪወጣ ድረስ አላቆሙም። በመጨረሻ ያች ስም ጠያቂዋ እጇን አወጣች፤ «እሺ ይሂድ፣ ግን የመሳፈሪያውን ማን ይከፍልለታል?»