ቢሮው በወረቀት ሲጥለቀለቅ ከየት ይጀመራል?

ከደላንታ ሌሊት ተነስቶ ደሴ የገባ አባት «ፋይልዎ አልተገኘም፣ ነገ ይመለሱ» ሲባሉ አይቻለሁ። ፋይሉ እኮ አልጠፋም፤ ጠረጴዛው ላይ ከተቆለለው ወረቀት ሥር ነበር። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። መዝገብ ቤት ስሠራ የተማርኩትን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ መደርደሪያ ለመግዛት አትሩጡ። ክምሩ ሳይለይ ከተገዛ እሱም ወዲያው ይሞላል። ባለጉዳይ የማይበዛበት ግማሽ ቀን ምረጡ፣ ሰሌን አንጥፉና ያለውን ሁሉ አውርዱት። ከዚያ መልስ የሚጠብቀውን፣ ጉዳዩ አልቆ የሚቀመጠውንና ተራውን ኮፒ ለየብቻ አድርጉ። ቁጭ ብላችሁ አታንብቡ፤ ጉዳዩንና ቀኑን ማየት ይበቃል። አብሽሩ፣ ክምሩ እንደሚያስፈራው አይደለም፤ አንዱ ደብዳቤ በግልባጭ ሦስት አራት ጊዜ መጥቶ ታገኙታላችሁ።

ትርፉን ኮፒ አስወግዱ። ዋናውን ግን በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታቃጥሉ፤ የመንግሥት መዝገብ የሚወገደው ሕጉ በሚያዘው መንገድ ብቻ ነው። ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝና ሌላው የሒሳብ ሰነድ ኦዲተር ስለሚጠይቀው በበጀት ዓመቱ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው አንድ ላይ ይታሰር።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ለአንድ ጉዳይ አንድ ፋይል ክፈቱ፣ ቁጥር ስጡት፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፉ። ገቢ ደብዳቤ በደረሰበት ቀን ተመዝግቦ ፋይሉ ውስጥ ይግባ፤ «ቆይ ማታ አስገባዋለሁ» የተባለ ደብዳቤ ነው ክምሩን የሚጀምረው። «ልዩ ልዩ» የሚል ክላሰር ደግሞ ፈጽሞ አይኑራችሁ፣ ምክንያቱም የት እንደሚገባ ያልተወሰነ ወረቀት ሁሉ እዚያ ይወረወርና ከዓመት በኋላ ማንም አያገኘውም። ፋይል ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው የካርቶን ቁራጭ ይተካ፤ ማን እንደወሰደውና መቼ እንደወሰደው ይጻፍበት። ጠፋ የተባለ ፋይል ስንቴ ከኃላፊው መሳቢያ ወጥቷል መሰላችሁ!

የደሴ ክረምት ለወረቀት ክፉ ነው። ጉሙና እርጥበቱ ወለል ላይ የተቀመጠን ፋይል ያሻግተዋል፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ አድርጉት። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ትንሽ ይሻላል።

ቅጂም ያዙ። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቢሮዎች ሲዘረፉ የስንቱ ሰው ሰነድ እንደወጣ ቀርቷል። ስካነር ባይኖር እንኳ፣ ኃላፊው ከፈቀደ፣ የይዞታና የቅጥር ማህደሮችን በቢሮው ስልክ በጥራት አንስታችሁ በፋይሉ ቁጥር ሰይሙና ሌላ ሕንፃ ውስጥ በተቆለፈ ቦታ አስቀምጡ።

ከዚያ በኋላ ሳምንታዊ ልማድ ይበቃል። እኛ አርብ ከጁምዓ መልስ ግማሽ ሰዓት እንሰጠዋለን፤ የወጡት ፋይሎች ይመለሳሉ፣ ጠረጴዛው ይጠረጋል፣ ሰኞ ጠዋት የሚመጣው ባለጉዳይ ቁጥሩን ሲነግረን ቆሞ ሳይደክመው ፋይሉ ይወጣለታል።