ከጎንደር እስከ ዋሽንግተን፦ የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት እንዴት ይሰላል?

ከጎንደር ወደ ዋሽንግተን በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን የለም። ስለዚህ ሒሳቡ ከመነሻው ለሁለት ይከፈል፦ አዘዞ ካለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ፣ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ደለስ። ሁለቱን ደምሮ በአንድ ፍጥነት ማካፈል ያሳስታል።

መጀመሪያ አጭሩን ይያዙ። የጎንደር ማረፊያ በሰሜን 12.52፣ በምሥራቅ 37.43 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቦሌ ደግሞ በ8.98 እና በ38.80። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ወደ ደቡብ 393፣ ወደ ምሥራቅ (እዚህ የምሥራቅ ዲግሪ ትንሽ ስለሚጠብ) 149 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተው ይደምሩ፣ ካሬ ሥሩን ይውሰዱ፦ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ይህ ዘዴ ለሩቅ መንገድ አይሠራም፤ ምድር ክብ ናት። እዚህ ላይ የትምህርት ቤት ሉልና አንድ ክር ይበቃል። ስፋቱ (ዲያሜትሩ) 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሉል ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ነው። ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጥረው ሲይዙት 27 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ይመጣል፣ ማለትም ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር። ክሩ የሚያልፍበትን ልብ ይበሉ፦ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ከዚያ ስፔንና ፖርቱጋል። በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ያሰመረ ሰው ግን በሰሃራ በኩል ወደ ሞሪታኒያ ይወጣል፤ ርቀቱንም ያበዛዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ትልቅ ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ 11,560 ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከምዕራብ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ስለሚገፋ በረራው 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። በዚያ ላይ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጅ የሞላ ከባድ አውሮፕላን ከነሙሉ ጭነቱ ለመነሣት ይቸገራል። በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው ለዚህ ነው፣ ጉዞውም ከ16 ሰዓት በላይ ይሄዳል።

የጎንደሩን በ900 ቢያካፍሉት 28 ደቂቃ ይወጣል፤ ይህ ፈጽሞ አይሆንም። በአጭር በረራ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመውጣትና በመውረድ ነው፣ ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላንም ከጄት ይዘገያል። አንድ ሰዓት ከሩብ ይያዙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ትኬቱን ሲያነብ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፦
• ከ00:00 እስከ 06:59፦ 6 ይደምሩ
• ከ07:00 እስከ 18:59፦ 6 ይቀንሱ
• ከ19:00 በኋላ፦ 18 ይቀንሱ

07:00 ጠዋት 1 ሰዓት ነው። «ሰባት ሰዓት» ብሎ በምሳ ሰዓት አዘዞ የደረሰ ሰው በረራው ካመለጠው ስድስት ሰዓት ሆኖታል።

ሁለቱም ከተሞች በየራሳቸው ሰዓት ስለሚጻፉ የትኬቱን መነሻ ከመድረሻ መቀነስ ብቻ አይበቃም። ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ልዩነቱን ይደምሩ፣ ሲመለሱ ይቀንሱ፦ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8። ለምሳሌ በሐምሌ 22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 08:00 የሚደርስ በረራ በትኬት 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ 7 ሲደመር 16 ሰዓት ተኩል ነው።

ቀኑም እንዲሁ ያጭበረብራል። «ዓርብ 00:30» ማለት ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ቦሌ መድረስ ያለብዎት ሐሙስ ማታ 3:30 ነው፤ ከጎንደር የሚነሡበትም በረራ የሐሙስ መሆን አለበት።