«ቢኮዝ» ከየትኛው ሐሳብ ፊት ይግባ? እንግሊዝኛን በትክክል የማያያዝ ዘዴ

ጅማ ውስጥ ለአንድ ቡና ነጋዴ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። አንድ ክረምት ቡና የጫነው መኪና መንገድ ላይ ቆመ። ለውጭ አገሩ ገዢ «መኪናው ስለተበላሸ ቡናው ዘገየ» ለማለት «ዘ ትራክ ብሮክ ዳውን ቢኮዝ ዘ ኮፊ ወዝ ሌት» ብዬ ላክሁ። ገዢው የደረሰው ግን «ቡናው ስለዘገየ መኪናው ተበላሸ» የሚል ነው። ግራ ገብቶት መልሶ ጠየቀ። ማስረዳቱ ሁለት ቀን ፈጀ። ከቃላቱ አንዱም አልተሳሳተም፤ ማያያዣው ብቻ ቦታውን ስቷል።

መጀመሪያ ሁለቱን ሐሳቦች ለየብቻ ጻፉ። መኪናው ተበላሸ። ቡናው ዘገየ።

ከዚያ ምክንያቱ የቱ እንደሆነ አስምሩበት። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። አማርኛ «ስለ»ን ግሱ ላይ ይለጥፋል፤ ግሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «መኪናው ስለተበላሸ ቡናው ዘገየ» ስንል ማያያዣው የሚሰማን መሃል ላይ ነው። እጃችንም «ቢኮዝ»ን መሃል ያስገባዋል። እንግሊዝኛ ግን «ቢኮዝ»ን የሚፈልገው ከምክንያቱ ፊት፣ ከባለቤቱም ቀድሞ ነው። ምክንያቱን ካስቀደማችሁ በ«ቢኮዝ» ጀምሩ፦ «ቢኮዝ ዘ ትራክ ብሮክ ዳውን፣ ዘ ኮፊ ወዝ ሌት»። በ«ቢኮዝ» መጀመር አይቻልም የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። ዋናው ሐሳብ ተከትሎ ከመጣ ችግር የለውም። መሃል ላይ ማያያዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ «ሶ» አለላችሁ፦ «ዘ ትራክ ብሮክ ዳውን፣ ሶ ዘ ኮፊ ወዝ ሌት»። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ ይቀላል፤ የሐሳቡ ቅደም ተከተል አይለወጥም።

ለሁለት ሐሳብ አንድ ማያያዣ ይበቃል። እኛ «ዝናብ ቢሆንም እኛ ግን ሂርማታ ገበያ ሄድን» እንላለን፤ «ቢሆንም» እና «ግን» አብረው ያምራሉ። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» (ቢሆንም) ካላችሁ «በት»ን (ግን) ተዉት።

«ሀውኤቨር» ትርጉሙ «ግን» ስለሆነ ከ«በት» ጋር አንድ ይመስላል። አይደለም። «በት» መስተጻምር ነው፤ በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሁለቱን ያያይዛል። «ሀውኤቨር» ተውሳከ ግስ ነው፤ የማያያዝ አቅም የለውም። ከፊቱ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ፣ ከኋላው ነጠላ ሰረዝ ይፈልጋል።

ሁለቱ ዓይነት ቃላት ጎን ለጎን መቆም ግን ይችላሉ። «ኤንድ ዜን» ጥሩ ነው፤ አንዱ ያያይዛል፣ ሌላው ጊዜውን ይነግረናል። «በት ስቲል»ም እንዲሁ፣ «ግን አሁንም» እንደማለት ነው። «በት ሀውኤቨር» ግን አያስኬድም፤ ሁለቱም «ግን» ነው የሚሉት።

የማያያዣ ዝርዝር መሸምደድ ብዙም አይጠቅምም። ጥቂቶቹን በደንብ ማወቅ ይሻላል። የስልካችሁ የፊደል ማረሚያም አያድናችሁም፤ የእኔ ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ ልክ ስለነበር አንድም ቀይ መስመር አልወጣበትም።

ከመላካችሁ በፊት ከ«ቢኮዝ» በኋላ ያለውን ብቻ ወደ አማርኛ መልሱት፣ ግሱ ላይ «ስለ» ጨምራችሁ። «ቢኮዝ ዘ ኮፊ ወዝ ሌት»፦ «ቡናው ስለዘገየ»። ያን ቀን ይህችን ብዬ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው አይወጣም ነበር።