መብራት ሄዶ ሲመጣ የጠፋ የዋይፋይ ፕሪንተርን ሊኑክስ ላይ እንዴት እንመልሰው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ የሚሰራው በኡቡንቱ ነው (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት)፣ ፕሪንተሩ በዋይፋይ ይሰራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይበራል፣ ወረቀት ግን አይወጣም። እንዲህ ሲሆን ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) እንዳትነኩ። ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ የፕሪንተሩ አድራሻ ነው የተቀየረው።

መጀመሪያ ፕሪንተሩና ኮምፒውተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን እዩ። ብዙ ፕሪንተሮች የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። ለእንግዳ የተከፈተው ዋይፋይ ላይ ከገባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይገናኙም።

ከዚያ አድራሻው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የአይፒ ቁጥር (ኔትወርኩ ላይ የሚገኝበት አድራሻ) የሚሰጠው በውሰት ነው። ጠፍቶ ሲነሳ ለማን የቱን እንደሰጠ ሊረሳ ይችላል፤ ፕሪንተሩ እስኪነሳ የደንበኛ ስልክ ቀድሞ ገብቶ ቁጥሩን ይወስድበታል። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። አንዲት ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ከደብረ ሲና መጥታ ነበር። የማውቀውን ቁጥር ፒንግ ሳደርገው (መኖሩን ለማየት አጭር መልእክት ስልክበት) መለሰልኝ፣ ስለዚህ ኔትወርኩ ደህና ነው ብዬ ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩ። ለካ የሚመልስልኝ የሰው ስልክ ነው። ልጅቷ መኪና እንዳያመልጣት ባዶ እጇን ሄደች፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ፒንግን ብቻ አትመኑ። ቁጥሩን ብሮውዘር ላይ ጻፉት፤ የፕሪንተሩ የራሱ ገጽ ካልተከፈተ ያ ቁጥር የእሱ ላይሆን ይችላል።

ትክክለኛው ቁጥር የፕሪንተሩ ስክሪን ላይ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ አለ። ስክሪን ከሌለው የኔትወርክ መረጃውን በወረቀት እንዲያወጣ አድርጉት፤ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን መመሪያው ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ ራውተሩ ገጽ ግቡና ያንን ቁጥር ለፕሪንተሩ ብቻ አስይዙለት። ፕሪንተሩ ላይ በእጅ መሙላትም ይቻላል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ራውተሩ ከሚያድላቸው ቁጥሮች አንዱን ከመረጣችሁ ሌላ ዕቃ ያንኑ ሊይዝና ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ።

ቀጥሎ ሴቲንግስ ውስጥ ፕሪንተርስ የሚለውን ክፈቱ፣ አሮጌውን አጥፉ፣ አዲስ ጨምሩ ስትሉ በሚመጣው ሳጥን ላይ ቁጥሩን አስገቡ። ፕሪንተሩ ኤርፕሪንት (AirPrint፣ ያለ ድራይቨር የማተሚያ ዘዴ) የሚችል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር አያስፈልገውም። የቆየ ኤችፒ ከሆነ ኤችፒሊፕ (HPLIP) የሚባለውን የኤችፒ ድራይቨር ጫኑ፣ ሌላ ነገር ከየድረ ገጹ አታውርዱ።

አሁንም ዝም ካለ ለህትመት የተላኩት ሥራዎች ተራ ቆሞ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ህትመቱን የሚመራው CUPS (ከፕስ) የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ፕሪንተሩን ሲያጣው ሥራውን አቁሞ፣ መስመሩ ከተመለሰ በኋላም እንደቆመ ሊቀር ይችላል። ብሮውዘር ላይ localhost:631 ብላችሁ ጻፉ። ፕሪንተራችሁን ክፈቱና መጀመሪያ የተጠራቀሙትን ሥራዎች ሰርዙ፣ ከዚያ ሪዚዩም (Resume፣ ቀጥል) በሉት። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት በጭንቀት ደጋግማችሁ የላካችሁት ሁሉ ተከታትሎ ይወጣና ቀለሙም ወረቀቱም ያልቃል።

መብራት ሲመጣ አሁን መጀመሪያ ራውተሩን አበራለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቼ ፕሪንተሩን። ቁጥሩንም ጽፌ ፕሪንተሩ ጎን ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን ወንድሜ እንዳይቸገር።